«ለሰው ፎቶ ከ85 በታች አትግዙ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በፎቶ ሥራ ላይ ባሉ የጎጃም ወጣቶች መካከል ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ምክር አዘል ጽሑፍ አለ። የሰው ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው አዲስ ካሜራ ከመግዛቱ በፊት ገንዘቡን ሌንስ ላይ ያውል ብሎ ይጀምራል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። ከዚያ በኋላ ግን ስድስት ነገር ይላሉ፦ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ (ቁጥሩ የትኩረት ርዝመቱ ነው፤ ሲጨምር እይታው ይጠባል) ፊት ስለሚያጣምም 85 ይገዛ፤ ቢቻል ኤፍ 1.4 ይሁን (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ ይሰፋል)፣ ሁልጊዜም እስከ ጥግ ተከፍቶ ይነሣበት፤ ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ፊት ያጠቁራል፣ ለሰው አይረባም፤ ገንዘብ ያጠረው የድሮ የሩሲያ ሌንስ ይግዛ፤ በሌንሱ ላይ ዩቪ ፊልተር (አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያግድ መስታወት) ይግጠምበት፣ ርካሹም ይበቃል፤ ያገለገለ ሲገዛ የፊት መስታወቱ ካልተጫረ ችግር የለውም።

ይህን ምላሽ የምንጽፈው እንደ ካነን 1300ዲ፣ 700ዲ ወይም 250ዲ፣ እንደ ኒኮን ዲ3500 ወይም ዲ5600 ያለ ክሮፕ ካሜራ (ሰንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀባዩ ክፍል፣ ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያነሰ) ይዞ፣ በጠባብ ክፍል ስቱዲዮ ለሚሠራ ወይም ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ለሚያነሣ ሰው ነው። ያን ምክር እንደ ወረደ ከተቀበለ ገንዘቡ የሚባክነው የእሱ ነውና።

የመጀመሪያው ነጥብ ከሁሉም በላይ ሰፊ መልስ ይፈልጋል። ፊትን የሚያጣምመው በሌንሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ካሜራው ከፊቱ ያለው ርቀት ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል እንበል። ካሜራው ከአፍንጫው ግማሽ ሜትር ላይ ቢሆን ጆሮው 62 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ስለዚህ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር በ24 በመቶ ገዝፎ ይወጣል። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ልዩነቱ 8 በመቶ ይሆናል፤ ሁለት ሜትር ተኩል ላይ 5 በመቶ አይሞላም። ይህ ስሌት ሌንሱ 35 ቢሆንም፣ 50 ቢሆንም፣ 85 ቢሆንም አይለወጥም። ማረጋገጥ የሚፈልግ 18-55ቱን ይዞ አንድ ቦታ ይቁም፤ ሳይንቀሳቀስ አንዴ በ35፣ አንዴ በ55 ያንሣ። ከዚያ የ35ቱን ፎቶ ፊቱ ከሌላው እኩል እስኪሆን ድረስ ቆርጦ ያሳድገው። አፍንጫውም ጆሮውም በሁለቱም ላይ ልክ አንድ ዓይነት ሆኖ ያገኘዋል።

ታዲያ 85 ፊት ያሳምራል የሚባለው ከየት መጣ? ሌንሱ አንሺውን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ነው። የካነኑ 85 ኤፍ 1.8 ከ85 ሳንቲ ሜትር፣ የኒኮኑ 85 ኤፍ 1.8 ጂ ደግሞ ከ80 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት ፎከስ አይዝም። እይታውም ጠባብ በመሆኑ ፊትና ትከሻን ለማስገባት ሩቅ መቆም ግድ ነው። የካነኑ 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም በአንጻሩ እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ድረስ መጠጋት ይፈቅዳል፤ ተጠግቶ የሚያነሣ ሰው ያፈራውን ጥፋት ሌንሱ ላይ ይጥለዋል። በ50 አንድ ሜትር ተኩል ላይ ቁሙ፣ ፊቱ ደህና ይወጣል።

ሌላው ጸሐፊው የዘለሉት ነገር ክሮፕ ነው። 85 የፖርትሬት ሌንስ የተባለው በፊልምና በፉል ፍሬም (ሰንሰሩ ከፊልሙ እኩል በሆነ ካሜራ) ዘመን ነው። በካነን ክሮፕ (1.6) ላይ 50ው የ80ን እይታ ይሰጣል፤ በኒኮን ክሮፕ (1.5) ላይ የ75ን። 85ቱ ደግሞ በካነን 136 ይሆናል። ስለዚህ ጸሐፊው የሚያወድሱት እይታ በእነዚህ ካሜራዎች ላይ የሚገኘው 50 ሲገጠም ነው።

አሁን ወደ ክፍላችሁ እንግባ። የካነን ክሮፕ ሰንሰር ረጅም ጎኑ 22.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ማንኛውንም ርቀት ማስላት ይቻላል። ካሜራውን ቁመት አድርጋችሁ ይዛችሁ ራስና ትከሻ ለማንሳት የፍሬሙ ቁመት 67 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በ50 የሚያስፈልገው ርቀት 1.5 ሜትር፣ በ85 2.55 ሜትር ነው። ከእግር ጥፍር እስከ ራስ፣ ሁለት ሜትር ቁመት ያለው ፍሬም፣ በ50 ወደ 4.5 ሜትር፣ በ85 ወደ 7.6 ሜትር ይጠይቃል። ሙሽራና ሙሽሪት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ካሜራው በአግድም ተይዞ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ቢያስፈልግ፣ በ50 3.4 ሜትር፣ በ85 5.7 ሜትር ነው። ክፍሉ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ነው እንበል። ጥላው መጋረጃው ላይ እንዳያርፍ ሰውየው ከመጋረጃው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ለአንሺው አካል ግማሽ ሜትር ይተው፤ የሚቀረው ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ ነው። በዚህ ክፍል 50ው ራስና ትከሻም፣ ከወገብ በላይም ያነሣል። 85ቱ ከራስና ትከሻ አያልፍም፤ እሱንም ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ። ሙሉ ቁመት ደግሞ በሁለቱም አይሆንም፤ ለዚያ 35 ሚሊ ሜትር ላይ ያለ 18-55 ያስፈልጋል፣ እሱም 3.1 ሜትር ስለሚፈልግ ሰውየውን ወደ መጋረጃው ማስጠጋት ግድ ይላል።

85ቱን አናጣጥለውም። ፍሬሙን በፊት ብቻ መሙላት ሲፈለግ፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ50 ወደ 90 ሳንቲ ሜትር መጠጋት ስለሚያስፈልግ የአፍንጫው ልዩነት 13 በመቶ ይደርሳል፤ 85ቱ ያንኑ ፎቶ ከአንድ ሜትር ተኩል ያነሣዋል። ይህ እውነተኛ ብልጫ ነው። ግን 50 ያለውም መፍትሔ አለው፦ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ቆሞ አንሥቶ መቁረጥ። ከ24 ሜጋፒክስል ላይ ወደ 8.6 ይቀራል፤ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ለማተም በደንብ ይበቃል። በአምራቾቹ የመነሻ ዋጋ እንኳ የካነኑም የኒኮኑም 85 ኤፍ 1.8 ከ50 ኤፍ 1.8 ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ያን ልዩነት ለፍላሽና ለነጭ ጃንጥላ ማዋል ለስቱዲዮ ሥራ የበለጠ ይጠቅማል እንላለን። ሥራችሁ በአብዛኛው ደጅ ከሆነ፣ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን፣ ወይም በጣና ዳር ሙሽሮችን የምታነሡ ከሆነ፣ ርቀት ስለማይቸግራችሁ 85ቱን ሁለተኛ ሌንስ ማድረግ ተገቢ ነው።

ወደ ኤፍ 1.4 እንለፍ። በኤፍ 1.4 እና በኤፍ 1.8 መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ከአንድ ስቶፕ (ከአንድ የብርሃን እጥፍ) ሁለት ሦስተኛው ነው፤ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን የመንቃት መጠን) 800 የሚጠይቀው ቦታ 500 ይሆናል ማለት ነው። በዚህ መጠን በፎቶው ላይ የሚታይ የጥራት ልዩነት የለም። በዚያ ላይ የካነን የቆየው 50 ኤፍ 1.4 የፎከስ ሞተሩ የፊት ቱቦው ሲገጭ በቀላሉ የሚጣበቅ በመሆኑ የታወቀ ነው፤ ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

«እስከ ጥግ ከፍታችሁ አንሡ» የሚለው ምክር ደግሞ ብዙ ፎቶ ያበላሻል። በካነን ክሮፕ ላይ 50ውን በኤፍ 1.8፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ስታነሡ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ዓይኑ ከጠራ ጆሮው ይደበዝዛል። ፊቱ ትንሽ ከዞረ የሩቁ ዓይንም ይደበዝዛል፤ ሰውየው ፎከስ ከተያዘ በኋላ ወደ ፊት ትንሽ ካዘነበለ ሁለቱም ይሄዳሉ። በኤፍ 2.8 ጥልቀቱ ወደ 9.5፣ በኤፍ 4 ወደ 13.5 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ለአንድ ሰው ከኤፍ 2.2 እስከ 2.8፣ ለሁለት ሰው ኤፍ 4፣ በሁለትና በሦስት ረድፍ ለቆመ ቤተ ዘመድ ከኤፍ 5.6 እስከ 8 ይሁን። በ50 ከአራት ሜትር ርቀት ኤፍ 5.6 ወደ 1.3 ሜትር ጥልቀት ይሰጣል፤ መካከለኛው ረድፍ ላይ ፎከስ ከተደረገ አያት ከኋላ፣ ልጅ ከፊት እኩል ይጠራሉ። ፎከሱን ካሜራው በራሱ እንዲመርጥ አትተዉለት። አንድ ነጥብ ብቻ መርጣችሁ ወደ ካሜራው የቀረበው ዓይን ላይ አድርጉት። ብዙ ጊዜ ካሜራው የሚመርጠው የነጠላውን ጥለት ነው፤ ደማቅ መስመር ስለሆነ ይስበዋል።

በቀትር ፀሐይ ሌላ እንቅፋት አለ። በአይኤስኦ 100፣ በጠራ ፀሐይ፣ ኤፍ 1.8 ወደ 1/8000 ሰከንድ የሚጠጋ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ይጠይቃል። ከላይ የጠቀስናቸው ካሜራዎች ግን በ1/4000 ያበቃሉ። ስለዚህ ፎቶው ይቃጠላል፣ ነጭ ልብስ ያለ ሽመና መስመር ባዶ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ኤፍ 2.8 ላይ ሻተሩ 1/3200 አካባቢ ስለሚወርድ ይቻላል። ከዚህ የሚሻለው ሰውየውን ጥላ ውስጥ ማግባት ነው፤ የዋርካ ወይም የሕንጻ ጥላ ይሁን እንጅ የሰማያዊ ሸራ ጥላ አይሁን። በሸራ ዳስ ውስጥ የሚነሣ ፊት የሸራውን ቀለም ይይዛል፤ ይህን የትኛውም ውድ ሌንስ አያስቀረውም፣ ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) በነጭ ወረቀት ማስተካከል እንጅ። የካነኑ 85 ኤፍ 1.8 ተከፍቶ ሲነሣበት በነጭና በጥቁር መገናኛ ላይ ወይን ጠጅ ጠርዝ ማውጣቱ የታወቀ ነው። ነጭ ነጠላ በጨለማ በር ፊት ሲሆን ጎልቶ ይታያል፤ ኤፍ 2.8 ላይ በጣም ይቀንሳል።

18-55 «ፊት ያጠቁራል» ስለሚለው። ፊቱን ያጠቆረው ሌንሱ አይደለም፤ የብርሃን መለኪያው ነው። ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ፍሬሙ ግማሹ ነጭ ሸማ ወይም ጋቢ ከሆነ ነጩን ሊያደበዝዝ ብርሃን ይቀንሳል፣ ጠይም ፊት አብሮ ይጠቁራል። በ50 ኤፍ 1.8ም ያው ነው የሚሆነው። ስፖት መለኪያ (ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካውን) መርጣችሁ ፊቱ ላይ ለኩ፤ ወይም የብርሃን ማካካሻውን ከ+0.7 እስከ +1 አድርጉና ነጩ ልብስ እንዳልተቃጠለ በሂስቶግራሙ (በካሜራው የብርሃን ስርጭት ሥዕል) ተመልከቱ።

18-55ቱ በእርግጥ የሚጎድለው ብርሃን ነው። 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ ኤፍ 1.8 ከሱ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በክፍል ውስጥ በመስኮት ብርሃን አይኤስኦ 3200 የሚፈልገውን ፎቶ በ320 ታነሣላችሁ። 50 እንዲገዛ የምንመክረው ለዚህ ነው። ደጅ ላይ ግን 55-250 የሚባለው ሩቅ አቅራቢ ሌንስ ያለው ሰው ምንም ሳይገዛ ሊሠራ ይችላል። የፊቱ መጠን በፍሬሙ ውስጥ እኩል ከሆነ፣ የሩቁ ባክግራውንድ ምን ያህል እንደሚደበዝዝ የሚወስነው የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ይህም የሌንሱ ቁጥር ለኤፍ ቁጥሩ ሲካፈል ይገኛል። 50 ለ1.8 ወደ 28 ሚሊ ሜትር ነው። 85 ለ1.8 ወደ 47። 250 ለ5.6 ወደ 45 ነው። ማለትም ርካሹ 55-250፣ በ250 ላይ፣ ሩቁን ባክግራውንድ ከ85ቱ ብዙም ባልተናነሰ ያደበዝዘዋል። ለራስና ትከሻ 7.5 ሜትር መራቅ፣ ሻተሩን ከ1/400 አለማውረድ፣ ደህና ብርሃን መጠበቅ ያስፈልጋል። በባሕር ዳር ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቆማችሁ አባይን ከኋላ አድርጋችሁ ለምታነሡት ይህ ሁሉ በእጃችሁ ነው። በድንኳን ውስጥ በማታ ግን አይሞከርም።

የሩሲያ ሌንስ ያሉት ሄሊዮስ 44-2ን ነው፤ 58 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2፣ በዜኒት ካሜራ ላይ ይመጣ የነበረ፣ በኤም 42 ጥርስ የሚጠመዘዝ። ምስሉ ያምራል፣ አንክድም። በካነን ላይ በቀጭን የብረት አዳፕተር (ማገናኛ ቀለበት) ይገጥማል፣ እስከ ሩቅም ፎከስ ያደርጋል። በኒኮን ላይ ግን መስታወት የሌለው አዳፕተር ከጥቂት ሜትር በላይ ፎከስ አይዝም፤ በዲ3000ና በዲ5000 ተከታታዮች (እንደ ዲ3500ና ዲ5600 ባሉት) ላይ ደግሞ ብርሃንም አይለካም። ጸሐፊው ይህን ሳይነግሩ መምከራቸው ተገቢ አልነበረም። በካነንም ቢሆን ፎከሱ በእጅ ነው፤ የእነዚህ ካሜራዎች መመልከቻ ትንሽና ደብዛዛ በመሆኑ ኤፍ 2 ላይ ዓይን ጠራ አልጠራ መለየት ያስቸግራል። ላይቭ ቪው ላይ (ከኋላ ባለው ስክሪን) አሥር ጊዜ አጉልቶ ማየት ይቻላል፤ ለተቀመጠ ሰው ይሆናል፣ እስክስታ ለሚወርድ ሚዜ ግን አይሆንም። የሠርግ ገንዘብ የተቀበለ ሰው በሱ ብቻ አይታመን።

ስለ ፊልተሩ አጭር ነው። የዲጂታል ካሜራ ሰንሰር ዩቪን የሚያግድ መስታወት ከፊቱ አለው። ሽፋን ያልተቀባ ርካሽ መስታወት በሁለቱ ገጾቹ ከሚያልፈው ብርሃን 8 በመቶ ያህሉን ያንጸባርቃል፤ ጧፍ ወይም የመድረክ መብራት በፍሬሙ ውስጥ ሲገባ ግልባጩ በፎቶው ላይ ይንሳፈፋል። በምትኩ ሁድ (ከሌንሱ ፊት የሚገጠም ከለላ) ግዙ። ከጎን የሚመጣ ፀሐይን ይከላከላል፣ ሌንሱ ሲወድቅም ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው። የበጋ አቧራን በጎማ መንፊያ አስወግዱ እንጅ በነጠላ ጫፍ አትጥረጉት፤ መስታወቱን የሚጭረው በጨርቁ የሚጎተተው አሸዋ ነው።

ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለበትና ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው የመግጠሚያ ጉዳይ አለ። በኒኮን ዲ3000ና ዲ5000 ተከታታዮች ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም። ስለዚህ 50 ኤፍ 1.8 ዲ የሚባለው ርካሽ ሌንስ በእነሱ ላይ ይገጥማል እንጅ በራሱ ፎከስ አያደርግም፤ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል የተጻፈበትን ጂ ግዙ። በካነን በኩል ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች (ነጭ አራት ማዕዘን ምልክት ያላቸው) በክሮፕ ላይ ብቻ ይሠራሉ፤ ኢኤፍ (ቀይ ነጥብ) በሁለቱም። አዲሶቹ አርኤፍ የሚባሉት በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ከነጭራሹ አይገጥሙም። ከአዲስ አበባ በሰው ካስመጣችሁ በኋላ የማይገጥም ሆኖ ቢገኝ የአባይን በረሃ ተሻግሮ መመለሱ አስቸጋሪ ነው፤ የካሜራችሁን ሙሉ ስም ጽፋችሁ ላኩ።

ያገለገለ ሌንስ ላይ የፊት መስታወት ጭረት ዋናው ችግር አይደለም፤ አንዲት ቀጭን ጭረት በፎቶ ላይ አትታይም። የሚታየው ውስጡ ነው። ሁለቱንም ክዳን አውጡና የስልክ መብራት ከኋላ በሰያፍ አብሩበት፣ ከፊት ተመልከቱ። ኒኮን ከሆነ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ዘንግ በጣት ገፋችሁ ቀዳዳውን ክፈቱ። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ምንም አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ወተት የመሰለ ጭጋግ ካለ ደግሞ በፀሐይ አንጻር የሚነሣው ሁሉ ይነጣል። ሁለቱንም አትግዙ።

ቀጥሎ ካሜራው ላይ ገጥማችሁ ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ ደጋግማችሁ ፎከስ አስደርጉት። የማፋጨት ድምፅ ወይም መሐል ላይ መቆም የጥርሱ መበላት ምልክት ነው። በኤፍ 1.8 አንዴ፣ በኤፍ 8 ሌላ ጊዜ አንሡ። በ1.8 ደህና ሆኖ በ8 ካነን «ኤረር 01» ካወጣ፣ መጀመሪያ ከሌንሱ ኋላ ያሉትን የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥቦች በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ከተመለሰ የብርሃን ቀዳዳው ክፍል ተበላሽቷል። ሻጭ በኤፍ 1.8 ብቻ አንሥቶ ቢያሳያችሁ አትርኩ፤ ቅጠሎቹ የሚንቀሳቀሱት ሲዘጋ ነው። የድሮው 50 ኤፍ 1.8 2ኛ (መግጠሚያው ፕላስቲክ የሆነው) ቱቦው ለሁለት የመከፈል ጠባይ ስላለው ፊቱን ይዛችሁ በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት።

ከዚያ ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ አንጥፉ፣ አንድ መስመር በእስክሪብቶ አስምሩበት። ካሜራውን አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቃችሁ በ45 ዲግሪ አስቀምጡ፤ በኤፍ 1.8፣ በመካከለኛው ነጥብ መስመሩ ላይ ፎከስ አድርጉ፤ አንዴ በመመልከቻው፣ አንዴ በላይቭ ቪው። በላይቭ ቪው መስመሩ ጠርቶ፣ በመመልከቻው ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው ጽሑፍ ከጠራ፣ ሌንሱና ካሜራው አልተግባቡም። እንደ ካነን 6ዲ ወይም እንደ ኒኮን ዲ7000 ባሉ ላይ ይህ በሜኑ ይስተካከላል፤ ከላይ በጠቀስናቸው ርካሽ ካሜራዎች ግን ማስተካከያው የለም፣ ስለዚህ ሌላ ሌንስ ሞክሩ። በመጨረሻ የብሎኬት ግድግዳ ፊት ለፊት ቆማችሁ በኤፍ 4 አንሡ። ከአራቱ ማዕዘኖች አንዱ ብቻ ለይቶ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል።

በክረምት ሻጋታ የሚገባው በሐምሌና በነሐሴ በቆዳ ቦርሳ ውስጥ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ በተቀመጠ ሌንስ ላይ ነው። ክዳኑ አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡት። ሰማያዊው ጄል ወደ ሮዝ ሲቀየር እርጥበት ጠግቧል ማለት ነው፤ ለምግብ በማያገለግል ዕቃ፣ በ120 ዲግሪ አካባቢ፣ ቀለሙ እስኪመለስ አድርቁት።